ዛፉን ከማስቆረጥሽ በፊት ውሃውን ተከተዪ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኔና ባለቤቴ ይህን ቤት ከገዛን ሁለት ዓመታችን ነው። የገዛነው ለቤቱ ሳይሆን ለግቢው ነበር ብል አልዋሸሁም። ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ትልቅ ፊከስ አለ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ ደግሞ ሐረግ ሸፍኖታል። በሳሎኑ በኩል ግድግዳውን ተከትሎ የአበባ መደብ አለ፤ እሱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጠዋት ጠዋት በጎማ አጠጣዋለሁ። አሁን ግን ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ላይ ስንጥቅ ወጣ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀለሙ እየተላጠ ነው፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፋል። የሻወሩ ውሃም ቶሎ አይወርድም። ባለቤቴ «ይህ ሁሉ የተክሎቹ ጣጣ ነው፣ ቅዳሜ ሰው ጠርቼ ሁሉንም አስመነጥራለሁ» ብሏል። ጎረቤታችን የሐረጉ ሥር ላይ ጨው አፍስሱበት ይላል። እኔ ዛፉ ሲቆረጥ ሳስበው እንባዬ ይመጣል። ጥፋተኛው የቱ ነው? አንድ የጃካራንዳ ችግኝም ገዝቼ ነበር፤ እሱንስ የት ልትከለው?

ግቢዋን የምትወድ

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የቅዳሜውን ሰው «ቆይ፣ እንደዋወላለን» በሉት። መጥረቢያ አንዴ ካረፈ መመለሻ የለውም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፍሽልኝ አንድ ችግር አይደለም፣ ሦስት ነው። ስንጥቁ ለብቻው ነው፣ የሚላጠው ቀለም ለብቻው ነው፣ የማይወርደው ውሃም ለብቻው ነው። ሦስቱንም ጠቅልሎ «ተክሎቹ ናቸው» ብሎ ግቢውን መመንጠር፣ ጥርሱን የሚያመውንና እግሩን ወለም ያለውን ሰው አንድ ዓይነት መርፌ ወግቶ እንደ መሸኘት ነው። ሦስቱን የሚያገናኝ ነገር ካለ ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃውን እንከተል።

ብዙ ሰው ሥር ሲባል መሠረቱን በጉልበት ገፍቶ የሚሰብር ነገር ይመስለዋል። ሥር እንደዚያ አይሠራም። ጫፉ ለስላሳ ነው፣ በጥፍርሽ ብትጫኚው ይቆረጣል። የሚሄደው እርጥበትና አየር ወዳለበት ነው። ለዚህም ነው የአብዛኛው ዛፍ ሥር ወደ ጥልቅ ከመውረድ ይልቅ በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ወደ ጎን የሚዘረጋው፣ ብዙ ጊዜም ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ጤነኛ ኮንክሪት ሲገጥመው አቅጣጫውን ቀይሮ ጥግ ጥጉን ይቀጥላል። ቀድሞ የተከፈተ ስንጥቅ ወይም የላላ መጋጠሚያ ካገኘ ግን ይገባል። ከገባ በኋላ ይወፍራል። ጉልበቱ የሚመጣው ያኔ ነው። የሲሚንቶ ንጣፍን፣ የእግር መንገድን፣ ቀላል የአጥር ግንብን እየወፈረ ማንሳትም ይችላል፣ ያን አልክድም። የቤትን መሠረት ግን በአብዛኛው የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው።

ከስንጥቁ ልጀምር፣ ዋናው እሱ ስለሆነ።

አፈራችሁ ምን ዓይነት ነው? ይህን ሳታውቂ ስለ ዛፉ ምንም መወሰን አይቻልም። ከዛፉ አጠገብ አንድ ክንድ ያህል ቆፍሪና ከታች ካለው አፈር አንድ እፍኝ አውጪ። ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጊበትና በመዳፍሽ መሃል አሽከርክሪው። እንደ እርሳስ ቀጥኖ፣ ሳይበጣጠስ ከተጠቀለለ ሸክላ አለበት። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ ሲረጥብ ጫማ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ደግሞ ዋልካ ነው፣ ነገሩ ከበድ ይላል። አሸዋማ ሆኖ እጅሽ ላይ ከፈራረሰ ግን ግማሽ ጭንቀትሽን ተዪው።

ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ውሃ ሲያጣ ይኮማተራል። አንድ ትልቅ ዛፍ በሞቃት ቀን በመቶ የሚቆጠር ሊትር ውሃ ከመሬት ሊስብ ይችላል። ዝናብ በጠፋ ጊዜ ዛፉ በቤቱ አንድ ጥግ ሥር ያለውን እርጥበት ይመጠዋል፣ አፈሩ ይኮማተራል፣ ያ ጥግ ዝቅ ይላል፣ የቀረው ቤት ባለበት ይቆማል፣ ግድግዳው ደግሞ እንደ ጨርቅ ስለማይሳሳብ በደካማ ቦታው በኩል ይቀደዳል። ደካማው ቦታ ብዙውን ጊዜ የመስኮትና የበር ጥግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 እንግሊዝ አገር ብርቱ ድርቅ ገብቶ ነበር። በሸክላ አፈር ላይ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ያኔ ተሰነጣጠቁ፣ የዛፍና የሸክላ ነገርም ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። ሥሮቹ ቤቱን አልነኩትም፣ ከሥሩ ውሃውን ነው የወሰዱበት።

አሁን ስንጥቁ ዘንድ ሂጂና በደንብ እዪው። ልስኑ ላይ ብቻ ያለ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው? እንዲህ ዓይነቱ ሲሚንቶ ሲደርቅ የሚመጣ ነው፣ በየቤቱ አለ። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ይሄዳል? ከውስጥም ከውጭም ይታያል? ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ ይመጣል? እንዲህ ከሆነ የግድግዳው አንድ ጫፍ እየሰመጠ ሊሆን ይችላል። እስከ 1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ በቀለም ሥራ ይሸፈናል። እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ከመልክ ያለፈ ጉዳት አያመጣም የሚባል ነው፣ ግን ክትትል ይፈልጋል። ከ5 በላይ ከሆነ፣ ወይም የመኝታ ቤቱ በርና መስኮት አልዘጋ አልከፈት ማለት ከጀመሩ፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አቁሚና መሐንዲስ ጥሪ።

ክትትል ስል ምን ማለቴ ነው? ትንሽ ጄሶ አቡኪ። በቤቱ ውስጥ በኩል ስንጥቁን አግድም አቋርጦ እንዲያልፍ፣ በጣት ስፋት፣ ሳሳ አድርገሽ ለጥፊው። ከመለጠፍሽ በፊት ቦታው ላይ ያለውን ቀለም ፋቂ፣ አለዚያ አይዝም። ሲደርቅ ቀኑን በእርሳስ ጻፊበት። ከዚያ በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ፣ የት እንደሚያልቅ፣ ትንሽ መስመር አስምሪና እዚያም ቀን ጻፊ። በየወሩ እዪው። ጄሶው ተሰንጥቆ ካገኘሽው ግድግዳው ዛሬም እየተንቀሳቀሰ ነው። ሳይነካ ከቆየ ስንጥቁ የድሮ ነው፣ ምናልባት ቤቱ ሲሠራ የመጣ። መሬቱ ሲደርቅ እየሰፋ፣ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ የሚጠብ ከሆነ ደግሞ ጣትሽን ወደ አፈሩና ወደ ዛፉ መቀሰር ትችያለሽ። አንድ ዙር ደረቅና እርጥብ ወቅት ሳያዩ መደምደም ከባድ ነው። ባለቤትሽ ይህን መጠበቅ እንደማይወድ ይገባኛል። መሐንዲስ ብትጠሩም ግን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ መረጃ ነው።

«ዛፉ ከሆነ ታዲያ ቆርጠን አንገላገልም ወይ?» ይል ይሆናል። ያስቸኮለኝ ይህ ነው፣ ለዚህ ነው ቅዳሜን ሰርዙ ያልኩት። ዋልካ ላይ ያለ ትልቅ ዛፍ በአንድ ቀን ሲወገድ፣ ለዓመታት ሲጠጣው የነበረው ውሃ ጠጪ ያጣል። አፈሩ ቀስ በቀስ ይርሳል፣ ያብጣል፣ ወለሉንና ግድግዳውን ወደ ላይ ይገፋል። ይህ እብጠት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ጉዳቱም ከመስመጡ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነገር አጣሩ፦ ቀድሞ የነበረው ማን ነው፣ ዛፉ ወይስ ቤቱ? ዛፉ በዕድሜ ከቤቱ የሚበልጥ ከሆነ ቤቱ የተሠራው ዛፉ ቀድሞ ባደረቀው መሬት ላይ ነው፣ ዛፉ ሲሄድ መሬቱ ቤቱ አይቶት ወደማያውቀው ከፍታ ይነሳል። አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው። ቤቱ ቀድሞ ተሠርቶ ዛፉ በኋላ የተተከለ ከሆነ ግን መሬቱ የሚመለሰው በግምት ወደ ነበረበት ነው፣ ይህ በጣም ይሻላል። የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁ፣ ጎረቤት ጠይቁ፣ የድሮ ፎቶ ካለ ፈልጉ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለት ሜትር ለፊከስ በጣም ቅርብ ነው። ፊከሶች ሥራቸው ኃይለኛ ነው፣ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳሉ፣ በዕድሜያቸውም ይገዝፋሉ። የተከለው ሰው ችግኙን እንጂ ዛፉን አላሰበም። መጨረሻ ላይ መሄድ ሊኖርበት ይችላል፣ ይህን ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል። ግን በስንጥቁ ላይ መረጃ ይዘሽ፣ አፈሩን አውቀሽ፣ መሐንዲሱ አይቶት ይሂድ እንጂ በቁጣ አይሂድ።

እስከዚያ ምን ይደረግ? ቅርንጫፉን ማሳሳት ይቻላል። ቅጠል ሲቀንስ የሚጠጣው ውሃም ለጊዜው ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አታስነሱለት፣ ጫፉንም ጠፍጥፎ መቁረጥ አይሆንም፣ እንዲያ ሲሆን ዛፉ ይደነግጥና ደካማ ቀንበጥ በብዛት ይተኩሳል። ደግሞ ይህ አንዴ ሠርተውት የሚረሱት አይደለም። ዛፉ ያጣውን ቅጠል መልሶ ያበቅላል፣ ስለዚህ በየጊዜው መደጋገም አለበት።

የሥር መከላከያ የሚባለውንም ሰምተሽ ይሆናል። በቤቱና በዛፉ መሃል ጠባብ ቦይ ይቆፈርና ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ወፍራም ፕላስቲክ በቁም ይቀበራል፣ ሥር ከላይ እንዳይሻገረው አፉ ከአፈሩ ጥቂት ብቅ ይላል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለአዲስ ችግኝ ነው ጥሩ የሚሆነው። ላንቺ ዛፍ ቦይ መቆፈር ማለት ሥር መቁረጥ ማለት ነው። ሜትር አውጥተሽ የግንዱን ውፍረት በደረት ከፍታ ለኪ። ውፍረቱ፣ ማለት ከዳር እስከ ዳር ያለው፣ 40 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ከዚያ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም ከግንዱ 1.2 ሜትር ወዲህ ያለ ሥር ፈጽሞ አይነካም፣ ዛፉን ቀጥ አድርገው የያዙት እነሱ ናቸው። ቢቻል ደግሞ ስድስት እጥፍ፣ 2.4 ሜትር መራቅ ነው የሚመከረው። አንቺ ያለሽ በጠቅላላው ሁለት ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን ሥሩ የተቆረጠ ትልቅ ዛፍ ነፋስ ሲመጣ በመኝታ ቤታችሁ ላይ እንዳይወድቅ፣ ዛፍ የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው ዶማ አይንሳ።

አሁን ወደ ሳሎኑ ግድግዳ። እዚህ ላይ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ፊከሱ ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የአበባ መደብሽ ነው።

ያ ነጭ ዱቄት ጨው ነው። አፈሩ ውስጥ፣ ብሎኬቱ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ውስጥ ጨው አለ። ውሃ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ጨውን ያሟሟና ይዞት ይሄዳል፣ ከውስጥ በኩል ፊት ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ጨው ሲጠጥር ቀለሙንና ልስኑን ከሥር እየፈነቀለ ያረግፋል። ቀለም የቀባ ሰው ሁሉ ይወቀሳል፣ ቀለሙ ግን ምንም አላደረገም። ውሃው የመጣው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከጎማሽ ነው። በደንብ የተሠራ ቤት ግድግዳው ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚከለክል ንብርብር አለው። ከውጭ ያለው አፈር ከዚህ ንብርብር ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መደብ ሲሠራ ግን አፈር ይደለደላል፣ በየዓመቱ ፍግና ብስባሽ ይጨመርበታል፣ አፈሩ ሳይታወቅ ከፍ ይልና ንብርብሩን ይዘለዋል። ከዚያ እርጥበቱ ያለ ምንም ከልካይ በጎን ይገባል።

እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በቤቴ ነው። ሳሎኑ ሲሸት፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ሲወጣ፣ ሁለት ጊዜ ልስን አስጠግኜ ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀብቻለሁ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሽማግሌ ግንበኛ መጡ። ወደ ውስጥም አልገቡም። ውጭ አካፋቸውን ከግድግዳው ሥር ሰክተው አንዴ ገለበጡት። የተገለበጠው አፈር ጥቁርና ውሃ የቋጠረ ነበር፣ ግድግዳው ላይ ሦስት ጣት ከፍታ ያለው አረንጓዴ ሽበት ነበረ፣ ከሱ ሥር ደግሞ የምስጥ መሄጃ፣ እንደ ጭቃ ክር ቀጥ ብሎ ወደ በሩ መቃን ይወጣል። «ልጄ፣ ቤትህን እኮ ታጠጣዋለህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ እርጥብ ግድግዳ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ውጭ ነው የምወጣው።

ስለዚህ ጫማሽን አድርጊና አካፋ ያዢ። ከግድግዳው አጠገብ ያለውን አፈር ወደ ውጭ ጠርገሽ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጊው። አበቦቹን ነቅለሽ ወደ ፊት አምጫቸው። በግድግዳውና በመደቡ መካከል ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ተዪና ጠጠር አልብሺው፣ ግድግዳው አየር ያገኛል፣ የዝናብ ፍንጣሪም ጭቃ አይለጥፍበትም። መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት። ለመጀመሪያው 3 ሜትር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል በቂ ነው፣ በረጅም ጣውላና በውሃ ልክ ትለኪዋለሽ። የመደቡ ጠርዝ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የታጠረ ከሆነ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ክፈቺው። አለዚያ እንደ ግድብ ሆኖ ውሃውን ወደ ቤቱ ያቁረዋል። ብስባሽና የእንጨት ስብርባሪ ግድግዳ ጋ አታድርሺ፣ ምስጥ ትጋብዢያለሽ። ውሃውን ደግሞ ለሥሩ እንጂ ለግድግዳው አታጠጪ፣ ከተቻለ ጠብ ጠብ በሚያደርግ ቀጭን ቱቦ፣ ካልተቻለም ጎማውን መሬት ላይ አስተኝተሽ።

ውስጡን ለመቀባት አትቸኩዪ። ግድግዳ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፣ ወራት ይፈጃል። ዱቄቱን በደረቅ ቡሩሽ እያራገፍሽ ጠብቂ። በውሃ አትጠቢው፣ ጨውን መልሰሽ ታስገቢዋለሽ። ዘይት ቀለም ቀብቶ ማፈን ደግሞ እርጥበቱን ከፍ ወዳለ ቦታ ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሻወሩ። መጀመሪያ ቀላሉን እዪ፣ ወንፊቱን አንሺና ፀጉር እንዳለ ተመልከቺ። የሚዘገየው ሻወሩ ብቻ ከሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ሻወሩ ውስጥ ጉርጉር የሚል ድምፅ ካለ ወይም ሁሉም በአንድ ላይ ከዘገየ ግን የተዘጋው ውጭ ያለው ዋናው ቱቦ ነው። ማንሆሉን አስከፍቱ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቱቦ ሲጸዳ ቆሜ አይቻለሁ። የቧንቧ ሠራተኛው ሲጎትት ሲጎትት እንደ ፈረስ ጅራት የተጎነጎነ ቡናማ ነገር ወጣ፣ ከቁመቱ ይረዝም ነበር። የገባበት ቀዳዳ ግን የስክሪብቶ ጫፍ አያህልም። የሲሚንቶ ቱቦ መጋጠሚያ ነበር፣ ትንሽ ላልቶ እርጥበት ይተፋል፣ ሥሩ ያንን አሽትቶ መጣ።

ነገሩ ይኸው ነው፣ ሥር የሚመጣው ቱቦው ስለሚያፈስ ነው። ሥሩን በማሽን ማስቆረጥ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይበቅላል። መፍትሔው የላላውን መጋጠሚያ አውጥቶ በደንብ በተጣበቀ ፕላስቲክ ቱቦ መተካት ነው። ናፍጣ፣ አሲድ፣ የባትሪ ውሃ አፍስሱ የሚላችሁን አትስሙ። ቱቦውን ይበላል፣ አፈሩን ይመርዛል፣ ሴፕቲክ ታንክ ካላችሁ ደግሞ በውስጡ ያሉትን ቆሻሻ የሚያብላሉ ነፍሳት ይገድላል።

ሐረጉን በተመለከተ ጎረቤታችሁ ጨው ያለው ነገር አስደንግጦኛል። አሁን ሳሎን ውስጥ የሚረግፈውን ነገር አስታውሺ! ግድግዳ ሥር ጨው ማፍሰስ ማለት ያንኑ በሽታ በገዛ እጅ ለፊት ለፊቱ ግድግዳ መስጠት ነው። አፈሩ ላይም ለረጅም ጊዜ ምንም አይበቅልም። በፍጹም።

ደግሞ ሐረግ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ድጋፍ ይጠመጠማል እንጂ ግድግዳ አይነካም። ለሱ ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ ያለ ሽቦ ወይም የእንጨት ፍርግርግ ከተደረገለት በቂ ነው። ሌላው በትንንሽ ሥሮች ወይም በሙጫ መሰል እግሮች ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ያንቺ የትኛው ነው? አንድ ቀንበጥ ቀስ ብለሽ ሳብ አድርጊና እዪ። የሚለጠፈው ከሆነ፣ እጅሽን ከቅጠሉ ጀርባ አስገቢና ግድግዳውን ዳሺው። ደረቅ ነው? ከዚያ ካቻቪቴ ያዢና በድንጋዩ ወይም በብሎኬቱ መካከል ያለውን ሲሚንቶ ጫን ብለሽ ፋቂው። ጠንክሮ ከተቃወመሽ ግድግዳው ጤነኛ ነው፣ ሐረጉ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ከፀሐይና ከዝናብ ይጋርደዋል። እንደ አሸዋ እየፈረፈረ ከወረደ ግን ሥሮቹ ቀዳዳ አግኝተዋል ማለት ነው፣ መነሳት አለበት።

ሲነሳም እርጥቡን አትጎትቱት። ልስኑን ይዞ ነው የሚመጣው። ግንዶቹን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡና ለሳምንታት ተዉት። ቅጠሉ ደርቆ ሲረግፍ፣ ሥሮቹ ሲሰባበሩ፣ ያኔ ከላይ ጀምራችሁ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አንሱ። የቀረውን እግር በደረቅ ብሩሽ ታራግፉታላችሁ። ከዚያ የተፈረፈረው ሲሚንቶ ይሞላል። የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ከጣራው፣ ከአሸንዳውና ከመስኮቶቹ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይከርከም። ቆርቆሮ ሥር ገብቶ እያደር ከወፈረ ቆርቆሮውን ያነሳዋል፣ አሸንዳውንም ከመያዣው ያወጣዋል።

ጣራ ካነሳሁ አይቀር፣ የፊከሱ ቅርንጫፍ ጣራችሁ ላይ ተኝቶ እንደሆነ ውጪና እዪ። ከጣራው ሁለት ሜትር ያህል መራቅ አለበት። በነፋስ እየፈተገ የቆርቆሮውን ቀለም ያነሳል፣ ዝገት ይጀምራል፣ ለአይጥም ወደ ኮርኒስ መግቢያ መሰላል ነው። አሸንዳው በቅጠል ከተዘጋ ደግሞ የጣራው ውሃ በሙሉ በመሠረቱ ጥግ ላይ ነው የሚወርደው። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘሽ ውጪና ውሃው የት እንደሚያርፍ ተመልከቺ። ከምንም በላይ የሚያስተምርሽ እሱ ነው። መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ እየፈሰሰ ከሆነ የስንጥቁ ሚስጥርም እዚያ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥግ ብቻውን ሲርስና ሲደርቅ ዛፍ ባይኖርም ዋልካ ቤት ያናጋል።

ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት። መስጋቱ ትክክል ነው፣ ስንጥቅ አይቶ ዝም የሚል ሰው ነው የሚያሳዝነኝ። ቅዳሜ ሥራ የሚፈልግ ከሆነ መደቡን ከግድግዳ ማራቅና አሸንዳ መጥረግ ሙሉ ቀን ይበቃዋል።

ጃካራንዳሽን አልረሳሁም። አሁን በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ ውስጥ ያለች የክንድ ያህል ነገር ናት፣ ግን ስትተክዪ የምታዪው ችግኟን ሳይሆን ካደገች በኋላ የምትሆነውን ነው። ጃካራንዳ ከ10 እስከ 15 ሜትር ያድጋል፣ ወደ ጎንም ይዘረጋል። አጠቃላይ ልኩ እንዲህ ነው፦ ቁጥቋጦ ሲያድግ ከሚኖረው ስፋት ግማሹን ለክተሽ ሌላ 50 ሳንቲ ሜትር ጨምረሽ ከግድግዳ ታርቂዋለሽ፣ ትንሽ ዛፍ ቢያንስ 3 ሜትር፣ መካከለኛ 6 ሜትር፣ ትልቅ ዛፍ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ። ዋልካ ላይ ከሆናችሁ የዛፉ ሙሉ ቁመት ያህል ከቤቱ ማራቅ ነው። ከግድግዳ አጠገብ አረንጓዴ ማየት ካማረሽ ላቬንደር፣ ሮዝመሪ፣ እሬት፣ ጄራኒየም ትከዪ፣ ሥራቸው አጭር ነው፣ ውሃም ብዙ አይጠይቁም።

ግቢሽ ስንት ሜትር እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ከቤትሽ እስከ አጥርሽ 15 ሜትር ካለሽ፣ ጎረቤትሽም ቤቱን ከአጥሩ ራቅ አድርጎ ሠርቶ ከሆነ፣ ችግኟን ወደ አጥሩ አስጠግተሽ ትከያት። ከሌለሽ ቦታ ላለው ሰው ስጫትና ለራስሽ ከሦስት ሜትር የማታልፍ ነገር ፈልጊ። ጉድጓዱን ከመቆፈርሽ በፊት ግን ማንሆሉ ዘንድ ቁሚ፣ ቱቦው ወደ የት እንደሚሄድ በዓይንሽ መስመር አስምሪ፣ ሽቦም ከላይ እንደማያልፍ ቀና ብለሽ እዪ። የጄሶውን ነገር ከሦስት ወር በኋላ ጻፊልኝ።